የመረጥከው ሰው ሥልጣን ሲነጠቅ፦ የፍሊንት ከተማ የውሃ ጉዳይ

መነሻ

አሜሪካ ውስጥ ተራ ዜጋ መንግስት ላይ ምን ያህል አቅም አለው የሚል ክርክር ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ፕሬዝዳንት ምርጫና ወደ ኮንግረስ ይሄዳል። እኔ ግን ሁሌ የማነሳው የፍሊንትን ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም እዛ የነበረው ጥያቄ ከቧንቧችን የሚወርደውን ውሃ ማን ይወስናል የሚል በጣም ተራ ነገር ነበር፣ መልሱ ግን የህጻናት ጤናና የሰው ሕይወት አስከፈለ። ብዙ ሰው ደሞ ታሪኩን የሚያውቀው "ውሃው ተመረዘ" እስከሚለው ብቻ ነው፣ ከውሃው በፊት የተደረገውን ነገር ማለትም የምርጫው ጉዳይ የቱ ጋ እንደተበላሸ ብዙም አይወራም፣ ስለዚ እሱን በደንብ ልጽፈው ፈልጌ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠራም፣ የነበራቸውን ቦታ ብቻ ነው የምገልጸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና ሕጉ

ፍሊንት ሚሺጋን ስቴት ውስጥ ያለች፣ ከዲትሮይት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቅ ከተማ ናት። ጀነራል ሞተርስ በ1908 የተቋቋመው እዛ ነው፣ በ1936 መጨረሻ ሰራተኞቹ ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብለው አድማ መተው ኩባንያው ከማህበራቸው ጋር እንዲደራደር ያስገደዱትም እዛው ነው። በ1960 ሕዝቧ ወደ 200 ሺህ ይጠጋ ነበር፣ ፋብሪካው እየተዘጋ ሰው እየለቀቀ ሲሄድ በ2010 ቆጠራ 102 ሺህ ገደማ ቀረ። ከቀረው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ጥቁር ነው፣ በዛን ጊዜ ከአስር ሰው አራቱ ገደማ ከድህነት መስመር በታች ይኖር ነበር። የመሬቱ ስፋትና የቧንቧው ርዝመት ግን አልቀነሰም፣ ለ200 ሺህ ሰው የተዘረጋውን ቧንቧ ግማሹ ሰው ነው የሚከፍልበት፣ ስለዚ የውሃ ቢላቸው ከአገሪቱ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ። ሚሺጋን ውስጥ አንድ ከተማ በገንዘብ ከተቸገረ ገቨርነሩ ማለትም የስቴቱ አስተዳዳሪ ኢመርጀንሲ ማናጀር የሚባል ሰው መሾም ይችላል። ይሄ ሰው ሲገባ የሜየሩም (የከንቲባው) የካውንስሉም (የከተማው ምክር ቤት) ሥልጣን ወደሱ ይዞራል፣ ውል ማፍረስ ይችላል፣ ንብረት መሸጥ ይችላል፣ ተጠሪነቱ ለሾመው ገቨርነር እንጂ ለነዋሪው አይደለም። ፍሊንት በገንዘብ ቀውስ ውስጥ ናት ተብሎ የተገለጸው በኖቬምበር 2011 ነው፣ ያውም ሕዝቡ ሜየር ለመምረጥ በወጣበት ቀን። ሕዝቡ ሜየሩን መረጠ፣ በሳምንታት ውስጥ የተመረጠው ሰውዬ ሥልጣኑ ተወስዶ ማናጀሩ ወንበሩን ያዘ። ከዛ በኋላ እስከ 2015 ድረስ አራት ሰዎች እየተፈራረቁ ከተማዋን መርተዋል፣ አንዳቸውንም የፍሊንት ሰው አልመረጣቸውም።

የስቴቱ ሕዝብ ዝም አላለም። ፊርማ አሰባስቦ ሕጉን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበው፣ በኖቬምበር 2012 መላው ሚሺጋን ድምጽ ሰጥቶ ሕጉን ሻረው። ከተማ ውስጥ ያሉ ጥቁሮች ብቻ አይደሉም፣ ማናጀር አይቶ የማያውቅ የገጠር ካውንቲ ሁሉ ነው የተቃወመው። ምን ተደረገ መሰላችሁ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ሁለት ወር ሳይሞላ በዲሴምበር 2012 በጣም ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ሕግ አወጣ፣ ውስጡም ትንሽ የበጀት ድልድል ጨመረበት፣ ምክንያቱም የሚሺጋን ሕገ መንግስት በጀት የሚመድብ ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም ይላል። በዚች አንድ አንቀጽ የሕዝቡ በር ተዘጋ። ለኔ የፍሊንት ችግር የጀመረው እዚ ጋር ነው፣ ውሃው ገና ሳይቀየር።

ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

ፍሊንት ከ1967 ጀምሮ ታክሞ የተዘጋጀ ውሃ ከዲትሮይት ነበር የምትገዛው፣ ምንጩ ሌክ ሂውረን የሚባለው ትልቅ ሐይቅ ነው። ዋጋው ስለተወደደ አዲስ የክልል ቧንቧ እየተዘረጋ ነበርና ከተማዋ እሱ ውስጥ እንድትገባ ተፈለገ። እዚ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፣ ካውንስሉ በማርች 2013 አዲሱን ቧንቧ 7 ለ 1 ደግፏል። ግን ቧንቧው እስኪያልቅ ድረስ የፍሊንትን ወንዝ እንጠጣ ብሎ ካውንስሉ ድምጽ አልሰጠም፣ የወንዙ ውሳኔ የማናጀሩ ነው። በኋላ ባለሥልጣናት "ካውንስላችሁ እኮ ነው የወሰነው" ሲሉ ሁለቱን ነገር ቀላቅለው ነው የተናገሩት፣ ይሄ ቅልቅል ብዙ ሰው አደናግሯል።

ኤፕሪል 25 ቀን 2014 የዲትሮይት መስመር ተዘጋ፣ ሜየሩ ቁልፉን ተጫኑ፣ ባለሥልጣናቱ የወንዙን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ለካሜራ ጠጡ። ሥልጣን ያልነበራቸው ሜየር ቁልፉን የተጫኑበት ፎቶ አለ፣ ውሳኔው ግን የማናጀሩ ነበር፣ ይሄን ማስተዋል ጥሩ ነው።

ከቴክኒክ አንጻር ስህተቱ ከባድ ሳይንስ አይደለም። የወንዙ ውሃ ክሎራይድ ይበዛበታል፣ ብረት ይበላል። የፍሊንት ቤቶች ደሞ ብዙዎቹ የድሮ ናቸው፣ ከመንገድ ወደ ቤት ውሃ የሚያስገባላቸው ቧንቧ እርሳስ (ሊድ) ከሚባለው ብረት የተሰራ ነበር። እንዲ ያለ ውሃ የሚጠቀም ከተማ ቧንቧው ውስጥ ስስ ሽፋን የሚሰራ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይጨምራል፣ ዲትሮይት ይጨምር ነበር፣ የፌደራሉ ሕግም የዝገት መከላከያ ይጠይቃል። ፍሊንት ላይ አልተጨመረም። የስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት መጀመሪያ እንለካና እናያለን ብሎ ተወው። የኬሚካሉ ዋጋ በቀን መቶ ዶላር ገደማ እንደነበር ነው በሰፊው የተነገረው። ሽፋኑ እየተላጠ ሲሄድ እርሳሱ ውሃው ውስጥ መግባት ጀመረ። እርሳስ ሽታ የለውም ጣዕም የለውም፣ የሚጎዳው ደሞ ከሁሉ በላይ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ነው።

ነዋሪው ምን አደረገ

በሳምንታት ውስጥ ሰው ቅሬታ ማሰማት ጀመረ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፣ ይሸታል፣ ልጆች ገላቸውን ታጥበው ሲወጡ ቆዳቸው ሽፍ ይላል። እናቶች የቤታቸውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞሉ ስብሰባ ላይ ይዘው እየመጡ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በኦገስትና በሴፕቴምበር 2014 ባክቴሪያ ተገኝቶ ውሃ አፍሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ወጣ። በኦክቶበር 2014 የጀነራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ ውሃው የሞተር ክፍሎቻችንን እያዛገብን ነው አለና ከሌላ መስመር እንዲገዛ ተፈቀደለት። ይሄን አንብቤ ሁሌ የምቆጣበት ነገር ነው፣ ለብረት የማይሆን ውሃ ተብሎ ፋብሪካው ሲቀየርለት ህጻናቱ ግን አንድ ዓመት ጨመሩበት። በጃንዋሪ 2015 ደሞ ፍሊንት ውስጥ ላለው የስቴት መስሪያ ቤት ሰራተኞች የታሸገ ውሃ ሲገባላቸው ለነዋሪው ችግር የለም እየተባለ ነበር።

በዛው ወር ዲትሮይት ያለ መልሶ ማገናኛ ክፍያ እንቀበላችሁ ብላ ጠየቀች፣ ማናጀሩ ይወደዳል ብሎ አልተቀበለም። በማርች 2015 ካውንስሉ ወደ ዲትሮይት ውሃ እንመለስ ብሎ 7 ለ 1 ወሰነ። ማናጀሩ ውሳኔው ለመረዳት የሚያስቸግር ነው አለና ሳይፈጽመው ቀረ። ነዋሪው በተመረጡ ሰዎች በኩል አድርጎ ማድረግ የሚችለውን አድርጓል፣ ተሰብስቧል፣ ተናግሯል፣ ድምጽ አስሰጥቷል፣ አሸንፏልም፣ ያሸነፈበት ድምጽ ግን ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ውሃው በትክክል የተመለሰው በኦክቶበር ስለሆነ በዚያ መሃል ሰባት ወር ገደማ አለ፣ እነዛ ወሮች በቀጥታ የሕጉ ዋጋ ናቸው ብዬ ነው የማምነው።

የተመረጠ ሰው አይሳሳትም ማለቴ አይደለም፣ ያ ካውንስል ራሱ ውድ ቧንቧ ደግፏል፣ ሜየሩም ውሃው ደህና ነው ብለው ቴሌቪዥን ላይ ጠጥተዋል። ልዩነቱ የተመረጠው ሰው ጎረቤቱ ሲጮህበት ሐሳቡን መቀየሩ ነው።

ነገሩን ያዞረው ምን ነበር

የአራት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ነዋሪ አለች። ልጇ ሲታመምባት ከተማው ቤቷን እንዲመረምር ጠየቀች፣ በፌብሩዋሪ 2015 የመጣው ውጤት ከቢሊዮን 104 እጅ እርሳስ ነበር፣ መንግስት እርምጃ ይወሰድ የሚልበት ልክ በጊዜው 15 ነበር። ቀጥሎ ሲለካ 397 ሆነ። እሷ ሳይንቲስት አይደለችም፣ ግን የውሃውን ሪፖርትና የሕጉን መመሪያ ቁጭ ብላ አነበበች፣ ከዛ የዝገት መከላከያው አልተጨመረም ማለት ነው ብላ የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ባለሙያ ደወለች። ባለሙያው ቤቷ ድረስ መጥቶ አየ፣ በጁን 2015 ውስጣዊ ማስታወሻ ጻፈ። ማስታወሻው እሷ ጋር ደረሰ፣ እሷም ለአንድ የሲቪል መብት ድርጅት ጋዜጠኛ ሰጠችው፣ በጁላይ ወጣ። የስቴቱ ቃል አቀባይ ሬድዮ ላይ ቀርቦ ስለ እርሳስ የተጨነቀ ሰው ዘና ማለት ይችላል አለ።

ቀጥሎ ያለው ነገር የጉዳዩ እምብርት ነው። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፌሰር ከተማሪዎቹ ጋር 300 መመርመሪያ ኪት አዘጋጀ፣ ግን ኪቱን ቤት ለቤት ያደረሱት፣ አጠቃቀሙን ያስረዱት፣ የሰበሰቡት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። ውሃው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቧንቧ ውስጥ መቆም አለበት፣ ጠዋት ማንም ሳይከፍተው የመጀመሪያው ይቀዳል። ነዋሪዎቹ ይሄን ሥርዓት በጥንቃቄ ጠበቁ፣ ምክንያቱም አንድ ስህተት ከተገኘ ሁሉም ነገር ውድቅ እንደሚደረግ ያውቁ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ250 በላይ ናሙና ተመለሰ።

የመንግስቱን ምርመራ ከዚ ጋር አነጻጽሩት። ከተማው ለሰው የሰጠው መመሪያ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧውን ክፈቱና ውሃውን አፍስሱት ይላል፣ እንዲ ሲደረግ እርሳሱ ታጥቦ ስለሚሄድ ጠዋት የሚቀዳው ዝቅ ይላል። መሰብሰብ የነበረበት 100 ናሙና ነው፣ የተሰበሰበው 71 ነው። ከ71 ደሞ ስቴቱ ሁለቱን አስወጣ፣ አንዱ የዛች እናት ቤት ናሙና ነበር፣ እሷ ማጣሪያ ትጠቀማለች የሚል ምክንያት ተሰጠ። ሁለቱ ሲወጡ የከተማው ውጤት ከ15 በታች ገባ። ሁለት ወረቀት ብቻ ነው የተነሳው፣ አንድ ሙሉ ከተማ ደህና ነው ተባለ።

በሴፕቴምበር 24 ቀን 2015 አንዲት የህጻናት ሐኪም ከሆስፒታሏ መዝገብ ያወጣችውን የደም ምርመራ ይዛ ለጋዜጠኞች ወጣች፣ ውሃው ከተቀየረ በኋላ ደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ ያለባቸው ትንንሽ ልጆች ብዛት ከ2.1 በመቶ ወደ 4 በመቶ ማለትም በእጥፍ ገደማ ጨምሯል አለች። ስቴቱ መጀመሪያ ቁጥሯን አጣጣለ፣ ሰው እያስደነገጠች ነው ተባለ፣ ከዛ የራሱን መረጃ ሲያየው ያው ሆኖ አገኘው። ኦክቶበር 16 ቀን ውሃው ወደ ዲትሮይት ተመለሰ፣ 12 ሚሊዮን ዶላር ነው ያስፈለገው፣ 6ቱን ስቴቱ፣ 4ቱን አንድ የግል ፋውንዴሽን፣ 2ቱን ራሷ ከተማዋ ከፈለች።

የሰራውና ያልሰራው

ሰልፉና ስብሰባው ብቻውን ውሳኔ አላስቀየረም፣ ግን ሰው እርስ በርስ የተዋወቀው እዛ ነው። ናሙናውን ቤት ለቤት ያዞሩት ሰዎች ስብሰባ ላይ ጠርሙስ ይዘው የመጡት ናቸው፣ ያ ሁሉ ጩኸት ባይኖር በሳምንታት ውስጥ ያን ያህል ቤት የሚያንኳኳ ሰው ከየት ይመጣ ነበር። ስለዚ ሰልፉ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎችን አልስማማቸውም።

ፍርድ ቤት ዘግይቶም ቢሆን ሰርቷል። የፓስተሮች ኅብረትና አንዲት ነዋሪ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆነው በፌደራል የውሃ ሕግ ከሰሱ፣ በማርች 2017 ስቴቱ ለቧንቧ መቀየሪያ 97 ሚሊዮን ዶላር እንዲያቀርብ ስምምነት ተፈረመ። ስራው በሦስት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር፣ በጣም ተጓተተ፣ ከሳሾቹ ደጋግመው ፍርድ ቤት ተመለሱ፣ በ2024 ዳኛው ከተማዋ ትእዛዝ አላከበረችም ብሎ ወሰነባት፣ በመጨረሻ በ2025 ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ የእርሳስ ቧንቧ መቀየሩ ተገለጸ። በሌላ መዝገብ የ626 ሚሊዮን ዶላር ካሳ በ2021 ጸደቀ፣ አብዛኛው በጊዜው ልጅ ለነበሩት ነው፣ ክፍያው ግን ዓመታት ፈጀ።

የወንጀል ክሱ ከሸፈ። መጀመሪያ ከተከሰሱት ሰዎች ያልተቋጨው ክስ በ2019 ተነሳ፣ በ2021 የቀድሞው ገቨርነር ጨምሮ እንደገና ተከሰሱ፣ በ2022 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ የተመሰረተበት መንገድ ትክክል አይደለም አለ፣ በ2023 ሁሉም ነገር ተዘጋ። ለእስር የበቃ የለም። በዛ ጊዜ በሌጂዮኔርስ የሳምባ በሽታ ቢያንስ 12 ሰው ሞቷል፣ የበሽታው መከሰት ለሕዝብ የተነገረው ደሞ በጃንዋሪ 2016 ነው።

ገቨርነሩ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን በማርች 2016 ዋናው ጥፋት የስቴቱ መሆኑን፣ ውሳኔውን የወሰኑት ማናጀሮቹ እንጂ የተመረጡት ሰዎች አለመሆናቸውን፣ ሕዝቡም በሌላ ቦታ ያለ ሰው የሚያገኘውን እኩል ጥበቃ አለማግኘቱን በግልጽ ጽፏል። ይሄ ሪፖርት ጠላት የጻፈው አይደለም፣ ለዛ ነው ክብደት ያለው።

ሌላ ቦታ የሚሰራ ነገር

አንድ ነገር ለመቀየር ስትነሱ መጀመሪያ የሚጣራው ፊርማው የማን ነው የሚለው ነው። የፍሊንት ሰው ብዙ ወር ሜየሩና ካውንስሉ ላይ ጮኋል፣ ቁልፉ ግን የስቴቱ ዋና ከተማ ላንሲንግ ነበር። ካውንስል አባል ጋር ስትሄዱ "እርስዎ ይሄን መወሰን ይችላሉ ወይስ ሌላ ሰው ነው?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ወራት ያተርፋል።

ሁለተኛ መረጃው የራሳችሁ ይሁን፣ ግን በነሱ መለኪያ ይሰራ። ቡናማ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ሰው ያሳዝናል፣ "ዝገት ነው አይጎዳም" ተብሎ ያልፋል። ስድስት ሰዓት ቆሞ በተቀዳና ቁጥር በተጻፈበት ናሙና ላይ እንዲ ማለት ይከብዳል። የስቴቱን ናሙና አሰባሰብና የውስጥ ኢሜይሎች ያጋለጠው ደሞ በመረጃ ነጻነት ሕግ የቀረበ የጽሁፍ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ጥያቄ ጠበቃ ሳይሆን ማንም ነዋሪ ማቅረብ ይችላል።

መንግስት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ መስሪያ ቤት ሲዘጋባት እናትየዋ ሌላ እርከን ላይ ያለ ባለሙያ ፈለገች። የአሜሪካ መንግስት ከተማ፣ ካውንቲ፣ ስቴት፣ ፌደራል እየተባለ መከፋፈሉ ሰው ያሰለቻል፣ አንዱ ወዳንዱ ይገፋሃል፣ ግን ያው መከፋፈል ነው ሌላ በር የሚሰጠው።

ይሄ ነገር የኛን ሰው በቀጥታ የሚነካበት ቦታም አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ2001 እስከ 2004 ገደማ ተመሳሳይ የእርሳስ ችግር ነበር፣ የውሃው ማከሚያ ኬሚካል በ2000 ሲቀየር ቧንቧው መሟሟት ጀመረ፣ ያንንም በማጋለጥ የተሳተፈው ያው የቨርጂኒያ ቴክ ፕሮፌሰር ነው። የዲሲን ውሃ የሚያክመው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ነው፣ ነዋሪው የማይመርጠው አካል ማለት ነው። ከ1995 እስከ 2001 ደሞ ዲሲ ራሷ ኮንግረስ ባቋቋመው የፋይናንስ ቦርድ ስር ነበረች፣ ስለዚ የፍሊንት አይነት ነገር ሩቅ አይደለም።

እዛ አካባቢ የድሮ ቤት የገዛችሁ ወይ የተከራያችሁ ቤዝመንት ውረዱና ከመንገድ የሚገባውን የውሃ ቧንቧ እዩት። በቁልፍ ጫፍ ፋቅ አድርጉት፣ ለስላሳ ሆኖ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነና ማግኔት የማይዘው ከሆነ እርሳስ ነው ብላችሁ ያዙት፣ የሳንቲም ቀለም ካለው መዳብ ነው። እርሳስ ከሆነ ለህጻን ወተት የሚበጠበጥበትን ውሃ ከዛ ቧንቧ አትቅዱ፣ ማፍላት እርሳስን አያጠፋም። የውሃ ድርጅቱን በጽሁፍ ጠይቁ፣ የተላከበትን ቀን ያዙ፣ መልሱ በስልክ ከመጣ "በኢሜይል ላኩልኝ" በሉ፣ ጎረቤታችሁም እንዲ እንዲያደርግ ንገሩት።